ምን ሰብሮ ነው የሰጡት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

እኛ ዋሽንግተን የምንኖር ሰዎች «ክረምት» የምንለው በረዶውን ነው እንጂ የሐምሌን ዝናብ አይደለም። ቤዝቦል በዚህ ክረምት ይተኛል፤ የቡድን ኃላፊዎች ግን አይተኙም። ሜዳው ባዶ በሆነባቸው በእነዚህ ወራት ተጫዋች ይሰጣሉ፣ ተጫዋች ይቀበላሉ። ደጋፊውም ጠዋት ቡናውን እየጠጣ ዜና ሲከፍት የሚወደው ሰው የሌላ ከተማ ሰው ሆኖ ያገኘዋል። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለዚሁ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። እኔ ቤዝቦል አላውቅም፤ ልጄ ስለ ዋሽንግተን ናሽናልስ ሲያወራ የማላውቀው ቋንቋ የሚናገር ይመስለኛል። በዚህ ክረምት ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ተጫዋች ለሌላ ቡድን በልውውጥ ሰጡት። ስሙን አልጽፈውም፤ በቤታችን ስሙ መነሣት ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ልጁ የተጫዋቹ ስም ያለበትን ማሊያ አጣጥፎ ከፍራሹ ሥር አስገባው። አባቱ «ሥራ ነው፣ እርሳው» አለው። እኔ ግን የምለው ጠፋኝ። ሰው ሳይጠየቅ እንዴት በሰው ይለወጣል? ይህ በሕግ የተፈቀደ ነው? ደግሞስ የአዲሱን ተጫዋች ማሊያ ልግዛለት ወይስ ልተወው?
የልጅ እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ እህቴ፣ የመጨረሻውን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ። አዲሱን ማሊያ አሁን አይግዙለት። የለቅሶው ድንኳን ሳይነሣ ሠርግ አይጠራም። ከፍራሹ ሥር ያለውንም አያውጡት። ልጁ ሊጥለው ቢፈልግ ኖሮ የቆሻሻ መጣያው ቅርብ ነው፤ ተኝቶበት የሚያድረው እንዳይጠፋበት ነው።

በባለቤትዎ ንግግር አልፈርድም። እኔም ያንኑ ቃል ለልጄ ተናግሬ የተጸጸትኩ ሰው ነኝ።

በ2014 ልጄ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሴፕቴምበር 28፣ የመስቀል ማግሥት፣ ቀኑም እሑድ። ታክሲዬን አቁሜ ቤት ገብቻለሁ፤ ባለቤቴ ቡና አፍልታ ቶናውን እየቀዳች ነው። ናሽናልስ የመደበኛውን ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ በሜዳው ከማያሚ ማርሊንስ ጋር ይጫወታል፤ 1 ለ 0 እየመራ ነው። ኳስ ወርዋሪው ጆርዳን ዚመርማን ይባላል። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ አንድን ጨዋታ ለመጨረስ ከተጋጣሚ ሃያ ሰባት ጊዜ ሰው ማስወጣት ያስፈልጋል። ዚመርማን ሃያ ስድስቱን ጨርሷል፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከማያሚ ልጆች መትቶ ቤዝ (ሯጩ በየተራ ከሚደርስባቸው ማረፊያዎች አንዱ) የደረሰ አንድም የለም። ናሽናልስ በ2005 ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጨዋታ የጨረሰ ወርዋሪ አልነበረውም።

የመጨረሻው መቺ ክርስቲያን የሊች ነበር። መታት። ኳሷ በግራ በኩል ወደ ኋላ ርቃ ሄደች። ቤዝቦል የማይገባት ባለቤቴ እንኳን ጀበናውን ረከቦቱ ላይ አስቀምጣ ቆመች። እዚያ ሜዳ ላይ የነበረው ስቲቨን ሱዛ የሚባል፣ በዚያው ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች በመጨረሻው) ተቀይሮ የገባ ልጅ ነው። ሮጠ፣ ዘለለ፣ ጓንቱን ዘረጋ፣ ያዛት፣ ወደቀ፤ ኳሷ አልወደቀችም።

እኔ ስጮህ ልጄ አንድ ጥንድ ካልሲ ጠቅልሎ ኳስ ሠራ። ሶፋው ላይ ወጣ፤ ካልሲውን ወደ ላይ ወረወረና እንደ ሱዛ ተንጋሎ ዘለለ። ያረፈው ረከቦቱ ላይ ነው። የጀበናው አንገት ከሥሩ ተቀነጠሰ። ደግነቱ ቡናው በርዶ ነበር። እናቱ ለመቆጣት አፏን ስትከፍት፣ ልጁ አተላው መካከል እንደተቀመጠ ካልሲውን ከፍ አድርጎ «አልወደቀችም!» አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቆጣል?

ዲሴምበር 19፣ ከቁልቢ ገብርኤል ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ፣ ናሽናልስ ሱዛን ለታምፓ ቤይ ሬይስ ሰጠው። ለልጄ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ምን ሰብሮ ነው?» አለኝ። በቤታችን አጥፊ ማለት የሰበረ ማለት ነዋ! እኔም «ምንም አልሰበረም። ሥራ ነው፣ እርሳው» ብዬው የታክሲዬን ቁልፍ አንሥቼ ወጣሁ። ልጄ በቀጣዩ ዓመት አንድ ጨዋታ እንኳን አላየም። ብዙ ቆይቶ ሲነግረኝ ነው የገባኝ፤ ምንም ያልሰበረ ሰው የሚሰጥ ከሆነ ጀበና የሰበረስ ምን ሊሆን ነው ብሎ ሲብሰለሰል ከርሟል።

እህቴ፣ ልጅ ልውውጥን የሚሰማው እንደ ቅጣት ነው። «ሥራ ነው» ሲሉት ቅጣቱ ምክንያት የሌለው ይሆንበታል፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው። እኔ ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ምክንያቱን ከነዝርዝሩ መንገር ነበር። የቡድኑን መቺዎች ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ልጅ ዝርዝር አይከብደውም።

የሱዛ ምክንያት ይኸውልዎት። ሰውየው በዚያው በ2014 ከዋናው ሊግ በታች ባለው ደረጃ፣ በሲራኪዩስ፣ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመርጧል። ችግሩ ዋሽንግተን ቦታ አለመኖሩ ነው፤ ከኋላ ያሉትን ሦስት የሜዳ ክፍሎች ብራይስ ሃርፐር፣ ዴናርድ ስፓንና ጄሰን ወርዝ ይዘዋቸዋል። በሌላ በኩል የሾርት ስቶፑ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው ተከላካይ) የኢያን ዴዝመንድ ውል ከአንድ ዓመት በኋላ ያልቃል፤ እርሱን የሚተካ ልጅ አሁኑኑ መፈለግ ነበረበት። ታምፓ የሱዛን ዓይነት መቺ ይፈልጋል። ሳን ዲዬጎ ደግሞ የታምፓውን ዊል ማየርስን ይፈልጋል። ሦስቱ ተገናኙ፤ አሥራ አንድ ተጫዋች በአንድ ጊዜ ቤቱን ቀየረ። ዋሽንግተን ሱዛንና ትራቪስ ኦት የሚባል ወጣት ወርዋሪ ሰጥቶ ከሳን ዲዬጎ ሁለት ልጆች ተቀበለ፤ አንዱ ጆ ሮስ የሚባል ወርዋሪ ነው። የሁለተኛው ስም ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም፤ «ወደፊት ስሙ የሚገለጽ ተጫዋች» ብቻ ይላል።

ይህ ስም የለሽ ልጅ ትሬ ተርነር ነበር፤ አገር ሁሉ ያውቃል። ስሙ ያልተጻፈው በጊዜው በነበረው ደንብ መሠረት በምልመላ የገባ አዲስ ተጫዋች የመጀመሪያ ውሉን በፈረመ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊለወጥ ስለማይችል ነው። ተርነር የፈረመው በጁን 2014 ነው። ስለዚህ ታጭታ ቀኑ እስኪደርስ በአባቷ ቤት ውኃ እንደምትቀዳ ልጃገረድ፣ ለስድስት ወር ያህል ለሰጠው ለሳን ዲዬጎ ቤት ሲጫወት ቆየ፤ በሳን ዲዬጎ የታችኛው ደረጃ ቡድን፣ በሳን አንቶኒዮ ማሊያ ይመታል፣ ይሮጣል፣ ልቡ ግን ዋሽንግተን ነው። በጁን 2015 ሲፈታ መጣ። ነገሩ ለሁሉም አሳፋሪ ስለነበር ደንቡ ያኔውኑ ተቀየረ፤ አዲስ የተመለመለ ልጅ የዚያ ዓመት የፍጻሜ ውድድር ካበቃ በኋላ ሊለወጥ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። «ሳይጠየቅ እንዴት?» አዎን፣ ተፈቅዷል። ተጫዋቹ የሚፈርመው ውል ቡድኑ ለሌላ ቡድን ሊያስተላልፈው እንደሚችል ይናገራል። ግን እርስዎ የጠየቁትን ከእርስዎ በፊት የጠየቀ ሰው አለ፤ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ነው የጠየቀው።

ስለ እርሱ መጀመሪያ የነገረኝ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ነው። የድሮው የዋሽንግተን ቡድን፣ ሴናተርስ፣ በ1971 ውድድሩን ጨርሶ ወደ ቴክሳስ ሳይሄድ በፊት ደጋፊው ነበሩ። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ቤታቸው ድረስ ሲያወሩኝ ሒሳብ መቁጠሪያዬን ማብራት ረስቼ ነበር፤ ኪሳራው ይካሳል። ያ ጠያቂ ተጫዋች ከርት ፍለድ ይባላል። ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ አሥራ ሁለት ዓመት ተጫውቶ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በኦክቶበር 1969 ለፊላደልፊያ በልውውጥ ሰጡት። አልሄድም አለ። በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ለሊጉ ኮሚሽነር ለቦዊ ኩን ደብዳቤ ጻፈ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ ፈቃዱ ሳይጠየቅ የሚገዛና የሚሸጥ ንብረት አለመሆኑን ነገረው። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ይህን ቃል ሲጽፍ ከኳስ በላይ የሆነ ነገር እየጻፈ ነበር። ኮሚሽነሩ እምቢ ሲለው ከሰሰ። የቀድሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ አርተር ጎልድበርግ ጠበቃው ሆነ። በጁን 1972 አምስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ተሸነፈ።

በመካከሉ፣ በ1971፣ ወደ ጨዋታ ለመመለስ የሞከረው እዚሁ ዋሽንግተን ነው። አንድ ዓመት ሙሉ አልተጫወተም፤ እግሩ እምቢ አለው። አሥራ ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ በአፕሪል መጨረሻ አገር ጥሎ ሄደ። ሽማግሌው ተሳፋሪዬ እርሱን ሜዳ ላይ አይተውታል። «ሰውየው በሩጫው ውስጥ አልነበረም» አሉኝ። ይህን ሲሉ ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር።

ፍለድ ተሸነፈ፤ የጠየቀው ጥያቄ ግን አልሞተም። ዛሬ በዋናው ሊግ አሥር ዓመት ያገለገለና ከዚያ ውስጥ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት በአንድ ቡድን ያሳለፈ ተጫዋች ያለ ፈቃዱ አይለወጥም። ይህ ደንብ በፍለድ ጊዜ ቢኖር ኖሮ ፍለድ ከሴንት ሉዊስ አይነቃነቅም ነበር። ማክስ ሸርዘር በጁላይ 2021 ከተርነር ጋር ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሲሄድ እሺ ብሎ ነው የሄደው፤ ተርነር ግን አልተጠየቀም። ውላቸው ላይ «ወደ እነዚህ ቡድኖች አልሄድም» ብለው የሚያስጽፉም አሉ። በ2022 ናሽናልስ ሁዋን ሶቶን ለሳን ዲዬጎ ሲሰጥ ኤሪክ ሆዝመር የተባለ ተጫዋች ወደ እኛ ሊመጣ ታስቦ ነበር፤ በውሉ መብት ስለነበረው «ዋሽንግተን አልሄድም» አለ፤ በእርሱ ፈንታ ሉክ ቮይት መጣ። ከተማችንን አለመፈለጉ ቅር ቢለኝም መብቱን ስላወቀ አከበርኩት። ደግሞ በዋናው ሊግ ስድስት ዓመት የሞላውና ውሉ ያለቀ ተጫዋች ነፃ ሆኖ ወደፈለገበት ይሄዳል። ሶቶን ይመልከቱት፤ በኦገስት 2022 ከዋሽንግተን ወደ ሳን ዲዬጎ፣ በዲሴምበር 2023 ከሳን ዲዬጎ ወደ ኒው ዮርክ ያንኪስ ሰጡት። በዲሴምበር 2024 ተራው የእርሱ ሆነና ከሌላው የኒው ዮርክ ቡድን ከሜትስ ጋር የአሥራ አምስት ዓመት፣ የ765 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ።

ደጋፊ ሞኝ አይደለም፤ የተሰጠንና የሄደን ይለያል። ሃርፐር በ2019 ነፃ ሆኖ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ፤ በአፕሪል 2 ወደ ሜዳችን ሲመለስ በዝናብ ውስጥ የተሰበሰበው ሕዝብ በጩኸት ነው ያዋረደው። ሶቶ ከተሰጠ በኋላ በኦገስት 2022 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ግን ያው ሕዝብ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ሶቶም ቢሆን ናሽናልስ ያቀረበለትን 440 ሚሊዮን ዶላር አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ይህን ያውቃል። ሆኖም ሰጪው ቤቱ ነው፤ እርሱ በሩን አልከፈተም። የልጅዎ ተጫዋች ወደ ዋሽንግተን የሚመለስበትን ቀን ከጨዋታ መርሐ ግብሩ ላይ ይፈልጉና በኩሽናው የቀን መቁጠሪያ ላይ ያክቡበት። በአረንጓዴው የሜትሮ መስመር ኔቪ ያርድ ጣቢያ ወርደው ጥቂት እርምጃ ነው። ማሊያው ያን ቀን ከፍራሹ ሥር ይወጣል።

ባለቤትዎ «ልውውጡ ጠቅሞናል፣ ቆይተህ ታያለህ» ሊሉት ይችላሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። ከሱዛ ልውውጥ የመጣው ተርነር በ2019 ናሽናልስ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ሾርት ስቶፕ ነበር። ሮስም በአምስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ሸርዘር አንገቱ ተይዞ ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው በድንገት ገብቶ ወረወረ፤ ተሸነፍን፣ ግን ገባ። ኦክቶበር 30 ሂዩስተን ላይ ሰባተኛውን ስናሸንፍ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እየጮኸ ደረጃውን ሦስት ጊዜ ወጣ ወረደ። ሱዛ በዚያ ዓመት አልተጫወተም። በማርች ወር አሪዞና ውስጥ ነጥብ ለማስቆጠር ሲሮጥ የሆም ቤዟ ሰሌዳ አንሸራትታው ጉልበቱ ተበጥሶ ነበር። ልጄ ጩኸቱ ሲያልፍለት፣ ካልሲውን እያወለቀ፣ «አባባ፣ የሱዛ ጉልበት ዳነ?» አለኝ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሆኜ የአውሮፓ እግር ኳስ የምከታተል ሰው ነኝ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ስለ ቤዝቦል «ልውውጥ» ሲያወራ እኔ «ዝውውር» እያልኩ አርመዋለሁ፤ እርሱ ደግሞ እኔን ያርመኛል። ማን ልክ ነው?
ከካዛንቺስ

መልስ፦ ወንድምዎ። በእግር ኳስ ዝውውር ገንዘብ ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ተጫዋቹም ከአዲሱ ክለብ ጋር በደመወዙ ተስማምቶ መፈረም አለበት። ካልፈረመ ነገሩ ይቀራል። በቤዝቦል ልውውጥ ፊርማ የለም፤ አሮጌው ውል ከነሙሉ ይዘቱ ተጫዋቹን ተከትሎ ይሄዳል፤ የሚከፈለውም በአብዛኛው ሰው ነው። የገበያ ቀን በሬ በበሬ ሲለወጥ ያዩ ከሆነ አሠራሩን ያውቁታል። አንዱ በሬ ትንሽ ከከሳ ባለቤቱ አንድ ጥጃ ይጨምራል፤ ካልበቃም ትንሽ ብር። ቅድም የጠቀስኩት ትራቪስ ኦት እንደዚያ ያለ ምርቃት ነበር። (በሬ ማለቴን ከርት ፍለድ ቢሰማ ኖሮ አይወድልኝም ነበር፤ አሠራሩን ለማስረዳት እንጂ ሰውን ለማለት አይደለም።)

ብር ብቻ ከፍሎ ተጫዋች መውሰድ ድሮ ነበር፤ ዛሬ ግን ትልቅ ገንዘብ ኮሚሽነሩ ሳይፈቅድ አያልፍም። በጁን 1976 የኦክላንድ ባለቤት ቪዳ ብሉን ለያንኪስ፣ ሮሊ ፊንገርስንና ጆ ሩዲን ለቦስተን በጠቅላላው በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ሊሸጥ ተስማምቶ ነበር። ያው ቦዊ ኩን «ለጨዋታው አይበጅም» ብሎ ሽያጩን ሰረዘው። ፊንገርስና ሩዲ የቦስተንን ማሊያ ለብሰው ነበር፤ አንድም ጨዋታ ሳይጫወቱበት አወለቁት።

ለወንድምዎ የሚነግሩት አንድ ጨዋታ ልጨምርልዎት። በአፕሪል 1962 አዲሱ የኒው ዮርክ ሜትስ ከክሊቭላንድ ሃሪ ቺቲ የተባለ ተጫዋች ወሰደ፤ በምላሹ «ወደፊት ስሙ የሚገለጽ ተጫዋች» ሊሰጥ ቃል ገባ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቺቲ እንደታሰበው አልሆነም። ጁን ላይ ሜትስ ቃሉን ጠበቀ፤ ስሙ የተገለጸው ተጫዋች ሃሪ ቺቲ ሆነ። ሰውየው በራሱ ተለውጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ገበያ ወጥቶ የራሱን በሬ ይዞ የገባ ገበሬ አገራችንም አይጠፋም፤ ግን ልውውጥ አደረግሁ አይልም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በታክሲ ወረፋ ላይ ሁልጊዜ «የክረምት ልውውጥ በክረምት አይፈረድበትም» ይሉኛል። እሺ፤ ዓመታት አልፈዋል። በዲሴምበር 2016 አዳም ኢተንን ለማምጣት ሉካስ ጂዮሊቶን፣ ሬይናልዶ ሎፔዝንና ዴን ደኒንግን፣ ሦስት ወርዋሪ፣ ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ሰጠን። አሁን ይፍረዱ!
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሚያውቁኝ

መልስ፦ አውቄሃለሁ፤ ነጭ ታክሲ፣ መስታወቱ ላይ የመድኃኔዓለም ሥዕል፣ ሬዲዮው ሁልጊዜ ከፍ ያለ።

ያን ቀን ከሁሉ በላይ የጮኽኩት እኔ እንደነበርኩ ታስታውሳለህ። ሦስት ወርዋሪ ለአንድ ሰው! ጂዮሊቶን በ2012 ከመጀመሪያው ዙር መልምለነው፣ ክርኑ ታሞ ቀዶ ጥገና አድርጎ ሲድን ጠብቀነው፣ እሸቱ ሊደርስ ሲል ማሳውን ሸጥን አልኩ። ኢተን ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት፣ በአፕሪል 2017 መጨረሻ፣ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ሲሮጥ ጉልበቱ ተቀደደና ዓመቱን ሙሉ ቀረ። በ2017 ብትጠይቀኝ ኖሮ ዕዳ ነው እል ነበር። በ2018 ብትጠይቀኝ ደግሞ እስቅ ነበር፤ ጂዮሊቶ በዚያ ዓመት በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ 6.13 ነጥብ የሚቆጠርበት ወርዋሪ ሆኖ ነበር፤ ከመደበኛ ወርዋሪዎች መካከል ከእርሱ የባሰ አልነበረም።

2019ን ግን ዝም ብለህ ተመልከት፤ ሁለቱም በአንድ ዓመት አበቡ። ጂዮሊቶ የኮከቦች ቡድን ውስጥ ገባ። ኢተን በፍጻሜው ውድድር ሁለት ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያደርስ ምት) መታ፤ አንዱ በስድስተኛው ጨዋታ ከጀስቲን ቨርላንደር ላይ የመታው ነው፤ ያን ቀን ብንሸነፍ ዋንጫው ሂዩስተን ይቀር ነበር። በኦገስት 2020 ጂዮሊቶ በፒትስበርግ ላይ አንድም ምት ሳይፈቅድ ጨዋታ ጨረሰ፤ ያኔ ኢተን እኛ ዘንድ እየደከመ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ውሉን ሳናድስለት ቀረን። ነፃ ሆኖ የፈረመው ከማን ጋር መሰለህ? ከዋይት ሶክስ ጋር። ከሰጡን ሰዎች ጋር!

ስለዚህ ፍርዴን ስማ። ዋንጫውን መልሼ ጂዮሊቶን አልወስድም። አንተም አትወስድም፤ በኖቬምበር 2019 የሰልፉ ቀን ኮንስቲቲዩሽን ጎዳና ላይ ትከሻዬን ይዘህ ስታለቅስ የነበርክ ሰው ነህ። ነገር ግን ደኒንግንና ሎፔዝን መጨመር አያስፈልግም ነበር፤ ሁለቱ ምርቃት አልነበሩም፤ ሎፔዝ በ2024 በአትላንታ ማሊያ ከኮከቦቹ አንዱ ሆነ። በዚህ ላይ እስከ ዛሬ ተቆጥቻለሁ፤ መቆጣቴንም አላቆምም። ወረፋው ላይ ስንገናኝ ኢተንን ደግፌ ልከራከርህ ዝግጁ ነኝ፤ ሬዲዮውን ግን ቀንስልኝ።